የተኳሿ አንሶላዎች

ሰፈሩ ውስጥ ካውዬ ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ከካውያ ነው፣ ልብስ ከሚተኮስበት ብረት። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ቆንጆ ስም ነበራት፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ሲመጣ እሷ ራሷ ዞር ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

የተጣመመ ነገር ካየች እጇ አያርፍም። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠ ሰው ኮሌታው ተገልብጦ ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ዞራ ራሷን ለመግታት ትታገላለች። ትንሽ ከታገለች በኋላ ግን በቀስታ እጇን ትሰድና ኮሌታውን ትመልሰዋለች። ሰውየው ደንግጦ ሲዞር፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ዝንብ አርፎብህ ነው» ትለዋለች። ባሏ አብሯት ካለ ደግሞ ከጎኗ ሆኖ፣ «ዝንቡ ከቤታችን ጀምሮ እየተከተላት ነው» ይላል።

እንዲህ ያደረጋት አስተዳደጓ ነው። የብዙ እህቶች ታናሽ ስለነበረች አዲስ ቀሚስ የሚባል ነገር እሷ ዘንድ ደርሶ አያውቅም። ቀሚሱ ከታላቂቱ ተነስቶ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየወረደ፣ እሷ ጋ ሲደርስ የገዛ ቀለሙን ረስቶ ነበር። አንድ ቀን ታላቅ እህቷ ካውያውን አስያዘቻትና እንዴት እንደሚገፋ አሳየቻት። ካውዬ ያን ያረጀ ቀሚስ ውሃ እየረጨች፣ ከደረቱ እስከ ዘርፉ፣ ላብ እስኪያጠምቃት ተኮሰችው። በማግስቱ አስተማሪዋ፣ «ዛሬ ደግሞ አዲስ ለብሰሻል» አለቻት። ካውዬ እንዳይጨማደድባት ብላ ቀኑን ሙሉ በወንበሯ ጫፍ ተቀምጣ ዋለች፤ ወደ ቤት ስትመለስም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ወታደር መስላ ነበር የምትራመደው።

ስታድግ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በልብስ ተኳሽነት ተቀጠረች። ልብስ ማጠቢያው፣ ላውንደሪው፣ ምድር ቤት ነበር። እንፋሎቱ ጣሪያው ላይ ጉም ሠርቶ ይውላል፤ ሴቶቹ ጮክ ብለው እያወሩ፣ ጮክ ብለው እየሳቁ ይሠራሉ። አንሶላ የካውዬ ድርሻ ነበር። ጓደኞቿ፣ «እሷ የተኮሰችው ላይ ዝንብ ብታርፍ አንሸራትቷት ትወድቃለች» ይሉ ነበር።

ባሏንም ያገኘችው እዚያው ነው። ሳሙና እየጫነ ለሆቴሉ የሚያመጣ ሹፌር ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሸሚዙ ግን ላም አኝካ የተፋችው የሚመስል። ካውዬ የመጀመሪያ ቀን ስታየው ታገሰች። በሁለተኛው አልቻለችም።

«ይሄን ለብሰህ ነው ሰው ፊት የምትቀርበው?» አለችው።

«እኔ የምቀመጠው ሰው ፊት አይደለም፣ መሪ ፊት ነው» አላት።

«አውልቀው።»

ሹፌሩ ጆሮውን ተጠራጠረ። ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። አወለቀው። ካውዬ ሸሚዙን ስትተኩስ እሱ በካናቴራ ብቻ የሳሙና ካርቶን አቅፎ ቆሞ ጠበቀ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሸሚዙ ከበፊቱም ብሶ ነበር። ሆን ብሎ ጠቅልሎ መቀመጫው ሥር ሲቀመጥበት እንደከረመ ያወቀችው ከተጋቡ በኋላ ነው።

ለእናቱ ስለ ካውዬ ሲነግራቸው ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። እናቱ፣ «ሥራዋ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ተኳሽ ናት» ብሏቸው ወጣ፤ የሚቸኩል ሰው ነበር። ካውዬ ለመተዋወቅ የሄደች ቀን እናቱ ምሳውን ሁሉ እጅ እጇን እያዩ በሉ። በመጨረሻ ድፍረት አገኙና፣ «ልጄ፣ ዒላማ ስትስቺ አለቆችሽ ይቆጡሻል?» አሏት።

ካውዬ ምኑም አልገባትም፤ ግን አማቷ ስለ ሥራዋ መጠየቃቸው ደስ አላት። «እንደሱ አይቆጡም እማማ» አለች። «ካቃጠልኩ ነው የሚቆጡኝ።»

ሴትዮዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ሹፌሩ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሊደበቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ትዳሩ መልካም ነበር። አንድ የማይስማሙበት ነገር ቢኖር አልጋ ነው። የሹፌሩ እንቅልፍ እንቅልፍ አይደለም፣ ትግል ነው። ይገላበጣል፣ ይጎትታል፣ ትራሱን አቅፎ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሻገራል። ማታ ካውዬ ወጥራ ያነጠፈችው አንሶላ ጠዋት ላይ እግር ሥር ተጠቅልሎ ይገኛል።

«ከማን ጋር ስትታገል ነው ያደርከው?» ትለዋለች።

«ረስቼዋለሁ። ግን ያሸነፍኩ ይመስለኛል።»

አልጋውን ሳታነጥፍ ሻይ አፏ አይደርስም። እሱ ገና አንዱን እግሩን መሬት ሲያስነካ እሷ የአንሶላውን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች። እንዲህ ሲባባሉ ፀጉራቸው ሸበተ። እሷም ጉልበቷ እምቢ ሲላት ከሆቴሉ ወጣች፤ እሱም መኪናውን ለአለቆቹ መልሶ ጡረታ ወጣ።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ከእናቷ ጥንቃቄን፣ ከአባቷ ሳቅን ወስዳለች። ስፌት ተምራ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ እየሰፋች ትሸጥ ጀመር። ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ቅጠል በእጇ ትጠልፍባቸዋለች። ሥራዋ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ጆሮ ደረሰ፤ መደብሩም ዕቃዎቿን በካታሎጉ ሊያወጣላት ተስማማ። የመደብሩ ኃላፊ ግን በስልክ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ባለሙያ ያንሳቸው ተባለ።

ልጅቱ ፎቶ አንሺ አፈላልጋ ቀጠሮ ከያዘች በኋላ እናቷ ጋ መጣች።

«እማዬ፣ ዕቃዎቹ በደንብ ተዘጋጅተው ይምጡ ብሎኛል። ካሜራው የሰው ዓይን የማያየውን ያያል አለ።»

«የማን ዓይን?» አለች ካውዬ።

«የሰው ዓይን ነው ያለኝ።»

«የእኔን አላየማ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። የምግብ ጠረጴዛው ተጠርጎ ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጠፈበት። ካውዬ ክር እንዳይዝባት ቀለበቷን አውልቃ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ተቀመጠች። መጀመሪያ መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ስፌት በጣቷ እየዳበሰች የተረፈውን ክር በትንሽ መቀስ ቆረጠች። ቀጥላ ፕላስተር የሚጣበቀውን ወገን ወደ ውጭ አድርጋ መዳፏ ላይ ጠቀለለችና ጨርቁን መታ መታ እያደረገች ብናኙንና ፀጉሩን አነሳች። የትራስ ልብሶቹን ማዕዘን በእርሳስ ደነዝ ጫፍ እየገፋች አወጣች። ነጮቹን አስቀድማ ተኮሰች፣ ካውያው ከባለቀለሞቹ ምንም እንዳይዝ። ጥልፍ ያለባቸውን ገልብጣ ከሥራቸው ፎጣ አድርጋ ከጀርባቸው ነው የተኮሰቻቸው፤ አለዚያ ቅጠሎቹ ተጨፍልቀው ይጠፋሉ።

ሹፌሩ ወደዚያ ክፍል እንዳይገባ ተከለከለ። ሻዩን ኩሽና ቆሞ ይጠጣል። አንዴ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ሲያስገባ፣ «እንዳትተነፍስ» አለችው። መልሶ ዘጋው።

ሁሉም ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ማጓጓዙ ጭንቅ ሆነ። ቢታጠፍ የእጥፋት መስመር ይወጣበታል። ልጅቱ ከጨርቅ ነጋዴዎች ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ረጅም የካርቶን ቱቦ ለምና አመጣችና አንሶላዎቹ በዚያ ላይ ተጠቀለሉ። ሹፌሩ ከወዳጁ ሚኒባስ ተዋሰ። እናትና ልጅ ከኋላ ተቀምጠው ቱቦዎቹን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፤ ላያቸው ሰው ጥይት የሚያጓጉዙ ይመስሉ ነበር።

«ቀስ በል» አለች ካውዬ።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወደ ኋላ ነው የምንሄደው።»

«ያቻት ጉብታ፣ አየሃት?»

«አይቻታለሁ። እሷም አይታኛለች።»

ከኋላቸው ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ያሰማሉ። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት በእግረኛ መንገዱ ላይ ቀድማቸው አለፈች። ሹፌሩ በዕድሜው ሙሉ የቀደሙትን ሰዎች ሁሉ እያስታወሰ ይህን ግን ለማንም እንደማይናገር ለራሱ ቃል ገባ፤ ማታውኑ ለጎረቤቱ አወራው እንጂ።

ስቱዲዮው ድሮ መጋዘን የነበረ ሰፊ ክፍል ነው፣ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት። ግድግዳው ነጭ፣ አንደኛው ወገን ሙሉ መስኮት። ፎቶ አንሺው ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ ሰው ነበር። ካውዬን «እናቴ» ብሎ ተቀበላትና የመጀመሪያውን ቱቦ ፈታ። አንሶላውን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይሄን ማን ነው የተኮሰው?»

«እናቴ ናት» አለች ልጅቱ።

«እኔ ጋ የሚመጣው ዕቃ እኮ ከፌስታል ነው የሚወጣው» አለ። ካውዬ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ጠዋቱ በሰላም አለፈ። የጠረጴዛ ልብሱና ፎጣዎቹ ቀድመው ተነሱ። ካውዬ ፎቶ አንሺው የሚያደርገውን ሁሉ በዓይኗ ትከተላለች። ፎጣው ወፈር ብሎ እንዲታይ በውስጡ ሌላ ፎጣ ጠቅልሎ ሲያስገባ አየች። የጠረጴዛውን ልብስ ከኋላ በኩል በልብስ መቆንጠጫ ደርድሮ ሲይዘው ግን አላስቻላትም።

«ልጄ፣ ይሄ ማጭበርበር አይሆንም?»

ፎቶ አንሺው አሰበና፣ «እናቴ፣ እርስዎ ፎቶ ሊነሱ ሲሄዱ ፀጉርዎን አያበጥሩም?» አላት።

«አበጥራለሁ።»

«ይሄም ያው ነው።»

መልሱን ወደደችው። ከዚያ በኋላ መቆንጠጫውን የምታቀብለው ራሷ ሆነች።

ሹፌሩ ዕቃውን ካወረደ በኋላ፣ «እኔ ከመኪናው ጋር ልሁን» ብሎ ወርዶ ነበር። ማንም አልፈለገውም።

የአልጋው ተራ ደረሰ። ካውዬና ልጇ ነጩን አንሶላ በአራት ማዕዘኑ ይዘው ወጠሩት። ካውዬ በሆቴል እንደለመደችው ማዕዘኖቹን በሹሉ አጠፈች፤ ትራሶቹን አቁማ፣ ጥልፉ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጋ፣ በመዳፏ ዳግመኛ ዳበሰችው። ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ስታየው፣ በዕድሜዋ ካነጠፈቻቸው አልጋዎች ሁሉ ይሄኛው እንደሚበልጥ አወቀች።

ፎቶ አንሺው አነሳው። ኮምፒውተሩ ላይ ተመለከተው። ጆሮውን አከከ።

«በጣም ንጹሕ ነው» አለ። «ግን…»

«ግን ምን?»

«ሰው የሚተኛበት አይመስልም። ካርቶን ነው የሚመስለው እናቴ። ሰው ሲያየው፣ እዚህ ላይ ጋደም ባልኩ እንዲል ነው የምንፈልገው። ትንሽ ቢጨማደድ ጥሩ ነው።»

ካውዬ ወደ ልጇ ዞረች። «ምን አለ?»

«ቢጨማደድ ነው ያለው፣ እማዬ።»

«ይተኮስ ማለቱ ነው?»

«አይደለም። ይጨማደድ ነው።»

ለሙሽራ ፀጉር የሠራች ሴት፣ አሁን ደግሞ በንፋስ በትኚው ብትባል እንደዚያ ነበር የምትሆነው። ልጅቱ በእናቷና በፎቶ አንሺው መካከል ቆማ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታያለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳወጣው የኖርኩትን ነገር አሁን ላስገባው?» አለች ካውዬ።

«ትንሽ ብቻ» አለ ፎቶ አንሺው፣ ድምፁ ከበፊቱም ዝቅ ብሎ።

ካውዬ ሰው ማስቀየም አትወድም፤ የልጇም ዕቃ ነው። ወደ አልጋው ቀረበች። የአንሶላውን መሐል በግራ እጇ ጨበጠችና ጨመደደችው። ቀኝ እጇ ግን ማንም ሳያዘው ተከትሎ መጣና አለሰለሰው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ያው። የገዛ እጇ አልታዘዝ አላት። ልጅቱ ሳቋን ልትይዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«ቆይ እኔ ልሞክር» ብላ ልጅቱ ጎትታ ለቀቀችው። ድመት የቧጨረው መሰለ። ፎቶ አንሺውም በተራው ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ ትራሱን ገፋ፣ አንሶላውን ሳብ ሳብ አድርጎ አነሳው። ሲያዩት ፖሊስ የፈተሸው ክፍል ነበር የሚመስለው። ካውዬ እንደገና ወጥራ አነጠፈች፣ እነሱ እንደገና አበላሹ። ብርሃኑ መስኮቱ ላይ እየተንቀሳቀሰ ነው። ፎቶ አንሺው ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

በመጨረሻ ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «አባዬ የት ነው ያለው?» አለች።

ካውዬ ገባት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ደረጃውን ወረደች።

ሹፌሩ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ እግሮቹን በመስኮቱ አውጥቶ ተኝቷል። የካልሲው ተረከዝ ወደ ላይ ዞሯል። ካውዬ ካልሲውን መጀመሪያ አስተካከለችና ከዚያ ጉልበቱን ነቀነቀችው።

«ተነስ።»

«ምን አጠፋሁ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምንም አላጠፋህም። ናና ተኛ።»

አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ተኝቼ አይደል እንዴ?»

«እዚህ አይደለም። ላይ። አልጋው ላይ።»

«የቱ አልጋ?»

«ያ ነጩ።»

ሹፌሩ ቁጭ አለ። በደንብ አያት፤ ያመማት መሰለው። «አንቺ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሰውየው አንሶላው እንዲጨማደድ ይፈልጋል። እኛ አልቻልንበትም።»

«እናንተ አልቻላችሁበትም» አለ ሹፌሩ፣ ቃሉን እያጣጣመ። «እንዴት ነው የምተኛው?»

«እንደ ልማድህ።»

«እንደ ልቤ?»

«እንደ ልብህ።»

ከመኪናው ወርዶ ሸሚዙን በሁለት እጁ ቁልቁል ሳብ አደረገ፤ ለትልቅ ጉዳይ የተጠራ ሰው መሰለ። ደረጃውን ሲወጣ እሷን ቀድሟት ነበር።

ካውዬ ግን ዝም ብላ አላሳለፈችውም። ፎቶ አንሺውን ገንዳ አስመጥታ ባሏን እግሩን አስታጠበችው፤ ጣቶቹን በንጹሕ ፎጣ ራሷ አደረቀችለት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ተጋደመ፣ ትንሽ ጣሪያውን አየ። ፎቶ አንሺው ገና መጋረጃውን ሲስብ ማንኮራፋቱ ተሰማ።

ሦስቱም ወንበር ስበው በሹክሹክታ እያወሩ ጠበቁት። ሹፌሩ ወደ ግራ ዞረ፤ አንሶላው አብሮት ሄደ። ክንዱን ትራሱ ሥር ሰደደ። እግሩ ብርድ ልብሱን ፈልጎ አገኘውና ገፋው። ካውዬ በእያንዳንዱ መገላበጥ የወንበሯን ጠርዝ ትጨብጣለች። ፎቶ አንሺው ግን ዓይኑ እየበራ፣ «ይሄን ማስተማር አይቻልም» አለ ለልጅቱ።

አንሶላው በበቂ ሲጨማደድ፣ ትኩስ ድስት እንደሚነሳ፣ አንዱ በብብቱ አንዱ በእግሩ ይዘው ምንም ሳይነኩ ከአልጋው አወረዱት። ፎቶ አንሺው ካሜራው ኋላ ገባ።

ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ካውዬ ልትነቅፈው ተዘጋጅታ ነበር የቀረበችው። የጠዋት ብርሃን የሚመስል ነገር ከመስኮቱ ገብቶ በእጥፋቶቹ ላይ ወርዷል፤ እያንዳንዱ ሽብሽባት አንድ ወገኑ ብሩህ፣ አንድ ወገኑ ጥላ ነው። ትራሱ ላይ ጭንቅላት ያረፈበት ጎድጓዳ ይታያል። ደህና የተኛ ሰው አሁን ተነስቶ ሻይ ሊያፈላ የሄደ ይመስላል። ይህን አልጋ ታውቀዋለች። በየቀኑ ከፊቷ ነበር፤ ግን ለመጎተት ስትቸኩል አይታው አታውቅም። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ «የግራ ትራስ ስፌቱ ተንጋዷል» አለች።

ፎቶ አንሺው አጎንብሶ አየ። እውነትም ተንጋዷል። ተደራደሩ፤ ጫፉና ስፌቱ በካውዬ፣ መሐሉ በሹፌሩ። በዚህ ተስማምተው ወደ ሰማያዊው አንሶላ ሄዱ።

ችግሩ ሰማያዊው ላይ መጣ። ሹፌሩ ተጋደመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። ዞረ፣ ተመለሰ።

«አልመጣም» አለ።

«ምኑ?»

«እንቅልፉ። እንዲህ ከብባችሁ ስታዩኝ እንዴት ይመጣል? እንቅልፌን አባረራችሁብኝ።»

ነቅቶ ሲገላበጥ ደግሞ አንሶላው እንደዚያኛው አልሆነም፤ ሰውየው ሊያስመስል እንደሚፈልግ ያስታውቅበታል። ሞቅ ያለ ወተት ቢሰጠው፣ መጋረጃው ቢጋረድ፣ ልጅቱ በር ቆማ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ብትከለክል፣ እምቢ አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ እያለ ራሱ ተገረመ።

ያን ጊዜ ካውዬ ወንበሯን ወደ ራስጌው ሳበች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቤት ውስጥ ማታ ማታ እንደምታወራው ማውራት ጀመረች።

«ያኔ ላውንደሪ እያለን፣ ያቺ አጭሯ፣ ሳሙና የምትለካዋ፣ ትዝ ትልሃለች? አንድ ቀን የእንግዳ ሱሪ ኪስ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘች። ይዛው ወደ አለቃችን ስትሮጥ ደረጃው ላይ ወደቀባት…»

ሹፌሩ፣ «እህ» አለ። ጥርሱ ከደረጃው ሥር ሳይደርስ ተኝቷል።

ካውዬ ወሬዋን አቋርጣ አየችው። ወደ ልጇ ዞረች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው?»

ልጅቱ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ላከች። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለማን ነው ሳወራ የኖርኩት?»

ፎቶ አንሺው ግን ወንበሩን አስጠግቶ፣ «ጥርሱስ?» አለ። ስለዚህ ለእሱ ጨረሰችለት፤ እንግዳው አፉን በመሐረብ ይዞ መጥቶ ሱሪዬን ብቻ ነው የምፈልገው እንዳለ፣ አለቃዋም ጥርሱን በተተኮሰ ናፕኪን ጠቅልላ በትሪ እንዳቀረበችለት። ፎቶ አንሺው አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ። ሹፌሩ እየተገላበጠ ሥራውን ይሠራል።

አረንጓዴውም፣ ባለመስመሩም በዚሁ መንገድ አለቀ። ለባለመስመሩ፣ ሊፍት ውስጥ ከቆሻሻ ልብስ ጋሪ ጋር ተዘግታ ስለዋለችው ልጅ ማውራት ነበረባት።

ሲመለሱ ካርቶን ቱቦዎቹ ባዶ ናቸው፤ ሚኒባሱም እንደ ሰው ይሄዳል። ካውዬ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ዝም አለች። ዝምታዋ ሲበዛበት፣ «ተቀየምሽ?» አላት።

«ወሬዬ እንቅልፍ የሚያመጣ ከሆነ አስቀድመህ አትነግረኝም ነበር?»

ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ ፍሬቻ አብርቶ ጠበቀ። «ወሬሽ አይደለም» አለ። «ድምፅሽ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ውዬ ስገባ፣ አንቺ ስታወሪ ብቻ ነው ቤት የደረስኩ የሚመስለኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን አላዘውም።»

ልጅቱ ከኋላ ሆና ይህን ሰማች፤ ግን ያልሰማች መስላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች። ካውዬ እጇን ሰዳ የባሏን ኮሌታ አስተካከለችና እዚያው ትከሻው ላይ ተወችው።

ካታሎጉ ሲወጣ ነጩ አልጋ ሙሉ ገጽ ያዘ። ሰው ወደደው፤ ትእዛዙ በዛና ልጅቱ ከጎኗ ያለውን ክፍል ጨምራ ተከራየች፣ የስፌት መኪናና ሠራተኛም ጨመረች። ሹፌሩ ገጹን ቆርጦ ኪሱ ይዞ ዞረ። ለሚያገኘው ሁሉ ያሳያል፤ ሰዎች፣ «አንተ የት አለህ?» ሲሉት፣ «አሁን ተነስቼ ነው» ይላቸዋል። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት ሊቀደድ ሲል ካውዬ በጨርቅ ሸፍና ተኮሰችለት።

እሷንም ነገሩ በዚያ አልለቀቃትም። ፎቶ አንሺው ብዙም ሳይቆይ ደወለ። ጫማ ሊያነሳ ነው፣ ቆሻሻ ሆነው መጥተውበታል፣ እናቴ መምጣት ይችላሉ ወይ አላት። ሄደች። በውስጣቸው ወረቀት ጠቅጥቃ አቆመቻቸው፣ ሶላቸውን በጥርስ ብሩሽ ፈተገች፣ ማሰሪያቸውን አውጥታ ተኩሳ መለሰች። ፎቶ አንሺው በዕድሜው የተተኮሰ የጫማ ማሰሪያ አይቶ አያውቅም ነበር። ከጫማው ቦርሳ መጣ፤ ከቦርሳው ብርጭቆ፣ የጣት አሻራ እንዳይነካው በጥጥ ጓንት የሚያዝ። ጉልበቷ ስለሚያማት ከፍ ያለ ወንበር አሠራላት። እሷም የራሷን መቀስ፣ የራሷን ፕላስተር፣ የራሷን ብሩሽ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ይዛ በሳምንት አንዳንድ ቀን ወደ ሥራ መውጣት ጀመረች። «ተኳሽ ነበርኩ፣ አሁን ረዳት ተኳሽ ሆንኩ» ትላለች፣ ካሜራውን እንደ ጠመንጃ ቆጥራ፤ ሰዎች የትኛውን መተኮስ እንደሆነ አይገባቸውም፣ እሷም አታብራራም።

ከሁሉ ያስቸገራት ማንኪያ ነው። አንድ ቀን የማንኪያና የጭልፋ ስብስብ መጣ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። ካውዬ አንድ በአንድ ወልውላ ደረደረቻቸው። ፎቶ አንሺው ሲያነሳቸው በእያንዳንዱ ማንኪያ ሆድ ውስጥ የተዘቀዘቀ ቀጭን ሰው ካሜራ ይዞ ቆሟል። ነጭ አንሶላ እንደ ድንኳን ተከሉበት፤ ለካሜራው ብቻ ቀዳዳ ተዉለት። ካውዬ ማንኪያዎቹን ልታስተካክል ውስጥ ገባች።

«ልጄ፣ አሁን ደግሞ እኔ ነኝ ያለሁት» አለች ከውስጥ።

«ታዲያ ይውጡ እናቴ።»

«ብወጣ አንተ ትገባለህ።»

ጭልፋውን ወደዚህ ሲያዞሩት መስኮቱ ይታያል፣ ወደዚያ ሲያዞሩት የካውዬ መነጽር። በመጨረሻ ሁሉም ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ፎቶ አንሺው ትንፋሹን ይዞ ሊጫን ሲል በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ዳቦና ብርቱካን ይዞ፣ ቢጫ ሸሚዙን ለብሶ ገባ። ማንኪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጫ ሆኑ።

«ምነው፣ መጥፎ ሰዓት መጣሁ?» አለ።

ካውዬ ድንኳኑ ውስጥ ሆና መሳቅ ጀመረች፤ አንሶላው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ፎቶ አንሺውም ካሜራውን ትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካኑን ልጠው ዳቦውን ተካፈሉ፤ ማንኪያዎቹን ከምሳ በኋላ አነሷቸው።